መልክና ስም፦ ስለ መልክ ሥዕል ታሪካችን የአንድ ዘግይቶ ጀማሪ ማስታወሻ

፩. መግቢያ

የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ መልክ ሥዕል አጀማመር የሚያወሳው አንድ ትረካ አለ። በቆሮንቶስ ከተማ ቡታዴስ የተባለ ሸክላ ሠሪ ይኖር ነበር። ሴት ልጁ የምትወደው ወጣት ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ በተነሣ ጊዜ፣ በመብራት ብርሃን ግድግዳው ላይ ያረፈውን የፊቱን ጥላ ዙሪያውን ተከትላ በመሥመር ነደፈችው። አባቷም በዚያ ንድፍ ላይ ጭቃ ለጥፎ ምስሉን ካበጀ በኋላ፣ ከሌሎቹ ሸክላዎች ጋር በእሳት ተኮሰው ይባላል። ትረካው ከታሪክ ይልቅ ወደ ተረት ያደላል። ሆኖም የጥንት ሰዎች የመልክ ሥዕልን መነሻ ከመለየት ጋር ማያያዛቸው ሊጤን የሚገባው ነገር ነው። ልጅቱ የነደፈችው ሊሄድ የተነሣውን ሰው ነውና።

ከአገራችን ወጥተን በየባዕዱ ምድር የተበተንን ሰዎች የዚህን ትረካ ሁለቱንም ወገን እናውቀዋለን። ተነሥተን የሄድነው እኛ ነን፤ ጥለናቸው የመጣናቸውን ሰዎች መልክ በልቡናችን ይዘን ለማቆየት የምንጣጣረውም እኛው ነን። እኔም በሙያዬ የታሪክ መምህር እንጂ ሠዓሊ ሳልሆን፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ53 ዓመቴ፣ በምኖርበት ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ በሳምንት አንድ ምሽት በሚሰጥ የመልክ ሥዕል ትምህርት ላይ እንድመዘገብ ያደረገኝ ይኸው ነው። በእጄ የነበረው ብቸኛው የእናቴ ምስል ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የተነሣ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ፣ ጠርዙ ላይ የማኅተም ቀለም የፈሰሰበት ጉርድ ፎቶግራፍ ነበር። እናቴ ያረፈችው እኔ ለመመለስ በማልችልበት ጊዜ ነው። ያችን ትንሽ ምስል በእጄ አሳድጌ በግድግዳዬ ላይ ለመስቀል ተመኘሁ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የግል ሐዘንን መተረክ አይደለም። እርሳስና ላጲስ ይዤ ያገኘሁትን ትምህርት ከሥዕል ታሪካችን ጋር አገናዝቤ ለአንባብያን ለማቅረብ ነው። ለማሳየት የምሞክረውም አንድ ነጥብ ነው፦ የቀድሞ ሠዓልያን የሰውን የግል መልክ መስለው ያልሣሉት ስላልቻሉ ነው የሚለው ብያኔ ትክክል አይደለም። ሥዕላቸው እንዲመልስ ይፈለግ የነበረው ጥያቄ ሌላ ነበር። ያም ጥያቄ ዛሬ ለእኛ ከምናስበው በላይ የሚያስፈልገን ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውቃለሁ።)

፪. «ይህ ማን ነው?»

በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ባህል የቅዱሳን ማንነት የሚታወቀው በፊታቸው ቅርጽ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱና በዘንዶው እንለየዋለን። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሰውነታቸውን በሸፈነው ፀጉርና በዙሪያቸው በቆሙት አንበሶችና ነብሮች፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በክንፎቻቸውና በተቆረጠችው እግራቸው፣ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባን በተቀመጡበት አንበሳ እናውቃቸዋለን። እነዚህን ምልክቶች ብናነሣ የአንዱ ፊት ከሌላው ፊት እምብዛም አይለይም። ስለዚህም ሠዓሊው በሥዕሉ ራስጌ ወይም ግርጌ የባለ ሥዕሉን ስም ይጽፋል። ይህ ጽሑፍ ለጌጥ የገባ ሳይሆን የሥዕሉ ግማሽ አካል ነው።

የዓይኑም አሣሣል እንዲሁ ሥርዓት አለው። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኖቹ ያያል፤ ከሓዲው፣ አሳዳጁ፣ ሰይጣኑ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ይሁዳን ለይቶ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ይህ አሣሣል የሚነግረን ሰውዬው በጽድቅና በኃጢአት መካከል የቆመበትን ስፍራ ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ ሌላ ዓይነት አሣሣል ካለማየት የመጣ አድርገው ይቈጥሩታል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468) የነበሩትና በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው ሥዕል ላይ ስማቸው የተጻፈላቸው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን፣ ከውጭ የመጡ የእመቤታችንን ሥዕሎች እንደሚያውቁ ሥራቸው ይመሰክራል። ከእርሳቸው ቀጥሎ፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሰው ወደ አገራችን መጥቶ ለአሥርታት ዓመታት ሲሥል ኖሯል፤ የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520ዎቹ በደረሱ ጊዜ አግኝተውታል። ከዚያም በኋላ በሮም ሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን አማካይነት ገብቶ፣ ጐንደሬዎቹ ሠዓልያን አርአያ አድርገውት ደጋግመው ሥለውታል። እንግዲህ የውጭው አሣሣል ይታወቅ ነበር። ሠዓልያኑ ከእርሱ የእጅ አያያዝንና የልብስ አጣጣልን ወስደዋል። የግለሰብን ፊት ከሕይወት ቀድቶ የመሣልን ልማድ ግን ሳይወስዱት ቀሩ። ይህ ምርጫ ነው።

በሥዕል ላይ የሚታዩ የዘመኑ ሰዎችም ቢሆኑ ከዚህ ሥርዓት አልወጡም። በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። እቴጌይቱ በመልካቸው የተደነቁ ሴት መሆናቸውን ታሪክ ያወሳል። ሠዓሊው ግን ያሳየን የቆሙበትን ቦታ ነው፦ ከማን እግር ሥር እንደ ወደቁና የማንን ምልጃ እንደ ለመኑ።

ከሥዕሉ ወደ ቅኔያዊው ድርሰት ብናልፍ ይኸው ነገር በግልጽ ይታያል። «መልክእ» የሚባለው የግእዝ ድርሰት የአንድን ቅዱስ አካል በየተራ እያነሣ ሰላምታ ያቀርባል፤ ፀጉር፣ ራስ፣ ገጽ፣ ቅንድብ፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ጉንጭ እያለ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። ዝርዝሩን ለተመለከተ የመልክ ሥዕል መማሪያ ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቹ መልክኦች ከፀጉር አይጀምሩም፤ ከስም ዝክር ይጀምራሉ። መጀመሪያ የሚሳለመው ስሙ ነው፤ ከዚያ አካሉ ይከተላል፤ በመጨረሻም የነፍስ መውጣት፣ ግንዘትና መቃብር ይመጣል። ደራሲው መልክን ሲያስብ ከስም ተነሥቶ ወደ መቃብር ይሄዳል ማለት ነው። ሕዝባችንም «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል።

ወደ ኋላ ርቀን ብንሄድም የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከእንዱቢስ ጀምሮ ባስቀረጿቸው ሳንቲሞች ላይ የንጉሡ ምስል በጎን ይታያል። አንዱን ንጉሥ ከሌላው የሚለየው ከሞላ ጎደል በዙሪያው የተጻፈው ስም ነው። ስለዚህ «ይህ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ «ምን ይመስላል?» ከሚለው ጥያቄ ቀድሞ መቀመጡ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የቆየ ሥር አለው።

፫. ዓይን ማለትና ዓይንን ማየት

አሁን ወደ ምድር ቤቱ የምሽት ትምህርት ልመለስ። አማተር የሚባለው ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ የሚሠራ ሰው ነው። ፍቅር ግን መልክ ለመምሰል እንደማይበቃ በመጀመሪያው ምሽት ተረዳሁ። እናቴን ከማንም በላይ የማውቃት ይመስለኝ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የወጣችው ግን አንዲት ግንባር የሌላት፣ ዓይኖቿ እንደ ለውዝ የሾሉ፣ በመካከላቸው ጥቁር ክብ የተቀመጠባቸው ሴት ነበረች። መምህርቷ፣ ዕድሜዋ የገፋ ጡረተኛ፣ ወረቀቱን ለጥቂት ጊዜ ከተመለከተች በኋላ፣ የሣልኩት የእናቴን ዓይን ሳይሆን «ዓይን» የሚለውን ቃል መሆኑን ነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት በአብዛኛው መለካት ነው። የሰው ዓይን ከአናት እስከ አገጭ ባለው ቁመት መካከል ላይ ይገኛል። ጀማሪ ሁሉ ግን ወደ ላይ ሰቅሎ ይሥለዋል፤ ምክንያቱም ሰውን ስናነጋግር የምናየው ዓይንና አፍን እንጂ የራስ ቅልን አይደለም። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ክፍተት ከሞላ ጎደል የአንድ ዓይን ስፋት ያህላል። ጆሮ ከቅንድብና ከአፍንጫ ግርጌ መካከል ይውላል። እነዚህ የጋራ ምጣኔዎች ናቸው። የአንድ ሰው መልክ የሚባለው ደግሞ ከእነዚህ ምጣኔዎች በጥቂቱ የሚያፈነግጥበት መጠን ነው። የአንዱ የላይኛው ከንፈር ከአፍንጫው ትንሽ ይርቃል፤ የሌላው አንዱ ቅንድብ በፀጉር ስፋት ዝቅ ይላል። ሠዓሊው ይህችን ጥቂት ልዩነት ከሳተ፣ ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ ቢቈጥር እንኳ ሌላ ሰው ሥሎ ይገኛል።

መምህርቷ ያሳየችን ዘዴዎች ቀላልና ጥንታውያን ናቸው። ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት፤ ያን ጊዜ ዝርዝሩ ይጠፋና የብርሃንና የጥላ ሰፋፊ ቅርጾች ብቻ ይቀራሉ። ሥዕሉን በመስታወት ማየት፤ ይህን ኢጣሊያዊው አልቤርቲ በ1435 በጻፈው የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ መክሮታል፤ ስሕተቱን የለመደው ዓይን በመስታወት ሲያየው እንደ ባዕድ ሥራ ይታየዋልና። ፎቶግራፉንም ሥዕሉንም ዘቅዝቆ መሣል፤ አፍንጫ የተዘቀዘቀ እንደሆነ እጅ የለመደውን «አፍንጫ» ለመጻፍ አይመቸውምና ያየውን መሥመር ለመከተል ይገደዳል። የሦስቱም ምሥጢር አንድ ነው፦ ስሙን ለጊዜው ረስተህ ቅርጹን እይ።

ይህን ስማር አንድ የቆየ ጥፋቴ ትዝ አለኝ። በወጣትነቴ በአንድ ጉባኤ ላይ ባነበብኩት ጥናት፣ የኢትዮጵያ ሥዕል እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ «ወደ መልክ መምሰል ደረጃ አልደረሰም» ብዬ ነበር። ይህን ያልኩት የአውሮፓ መንገደኞች የጻፉትን ተከትዬ ነው። ራሴ እርሳስ ስይዝ ግን ማንም ሰው በመጀመሪያ የሚሥለው ዓይን ምልክት መሆኑን አየሁ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ያንን ምልክት ከመምህሩ ተቀብሎ፣ አጥርቶና አስውቦ ሥርዓት አደረገው። የአውሮፓው ሠዓሊ ደግሞ ምልክቱን ለመርሳት ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ፈጠረ። ሁለቱም ትጋት ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም የሚያተርፉትና የሚያጡት ነገር አለ። አንዱን የሌላው ያልተጠናቀቀ ደረጃ አድርጎ መመልከት የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አልነበረም። ያን ቃሌን በዚህ አጋጣሚ አንሥቻለሁ።

፬. 1868፦ የሁለት አማተሮች ሥራ

ስለ መልክና ስም ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የመቅደላ ታሪክ ይመስለኛል። የዐፄ ቴዎድሮስ እውነተኛ መሆኑ የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። በሕይወት ሳሉ የወጡት የአውሮፓ መጻሕፍት ሥዕሎች አብዛኞቹ በወሬ የተሠሩ ናቸው። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን በየትኛውም ሥዕል፣ በየትኛውም ጥልፍ፣ በየትኛውም የቲያትር መድረክ ላይ ብናያቸው ወዲያው እናውቃቸዋለን። የምናውቃቸው በምንድን ነው? በሹሩባቸው ነው። የሠዓሊዎቻችን ጥንታዊ ልማድ እዚህም ሠርቷል፦ ፈረሱ የጊዮርጊስ፣ አንበሳው የሳሙኤል እንደሆነ ሁሉ ሹሩባውም የቴዎድሮስ ሆኗል።

ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ላለመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን ካሳለፉ በኋላ፣ ፊታቸውን ተመልክተው ከነደፉት ሰዎች መካከል ሪቻርድ ሆምዝ ይገኝበታል። ሆምዝ በሙያው ሠዓሊ አልነበረም፤ የብሪቲሽ ሙዚየም የብራና ክፍል ሠራተኛ ሆኖ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ፣ እጁ ግን ለሥዕል የሚታዘዝለት ሰው ነበር። በአገራችን ነገሥታት ዘንድ እጅግ የተከበረውን፣ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ የነበረውን «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለውን የጌታችንን ሥዕል የወሰደውም ይኸው ሰው ነው። ሥዕሉን ለላከው ሙዚየም ሳያስረክብ በግሉ አስቀረው። እስከ ዛሬም ወደ አገሩ አልተመለሰም። እንግዲህ ነገሩን አስተውለን እንመልከተው። የንጉሠ ነገሥቱን ፊት በዓይኑ አይቶ የነደፈልን እጅ፣ የቤተ መንግሥቱን ሥዕል የወሰደው እጅ ነው። ለመልካቸው ካለን ማስረጃ አንዱ የተገኘው ከዘራፊው ወገን ነው፤ ያም በሕይወት ያለ ሰው መልክ ሳይሆን የሬሳ መልክ ነው።

ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ በጁላይ 1868፣ በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ሌላ አማተር የልጃቸውን የልዑል ዓለማየሁን መልክ በፎቶግራፍ አነሣች። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የመጀመሪያዋን የፎቶግራፍ መሣሪያ በስጦታ ያገኘችው በ1863፣ በ48 ዓመቷ ነበር። ባለሙያ ነን የሚሉ የዘመኗ ሰዎች ምስሎችሽ ደብዛዛ ናቸው እያሉ ይነቅፏት ነበር። ዛሬ ግን የ19ኛው ምዕተ ዓመት ታላላቅ የመልክ ምስሎች ሲቈጠሩ የእርሷ ይገኙባቸዋል። የተነሣው ሕፃን የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ በዚያው ዓመት አባቱን በመቅደላ፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን በጉዞ ላይ አጥቷል። ለእኛ የቀረልን የአባቱ መልክ ሕይወት የሌለው ሲሆን፣ የልጁ መልክ ግን በሕይወት ያለ ሰው መልክ ነው። ያም በባዕድ አገር የተነሣ ነው። ልዑሉ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ አርፎ በዊንዘር ተቀበረ። ሆምዝ በዚያ ጊዜ የዊንዘር ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሣው ሐዘንን ለማደስ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ከተሣሉትና ፎቶግራፍ ከተነሡት የአገራችን ሰዎች መካከል ዓለማየሁን ለይተን የምንጠራው ስሙ አብሮት ስለተጻፈ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የጉዞ መጻሕፍት ውስጥ ስንት ፊት እናያለን! ከሥራቸው የተጻፈው ግን ብዙ ጊዜ «የሐበሻ ሴት»፣ «የሐበሻ ወታደር»፣ «ካህን» የሚል ብቻ ነው። መልካቸው በሚገባ ተይዟል፤ ማንነታቸው ጠፍቷል። የልጅ ልጆቻቸው እነዚያን መጻሕፍት ሲገልጡ ቅድመ አያታቸውን አይተው ሳያውቋቸው ያልፋሉ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ይህን ስሕተት አይሠራም ነበር።

ከመቅደላ የተወሰደውና በለንደን ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይቀመጥ የነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ፀጉር በማርች 2019 ለኢትዮጵያ መመለሱ ይታወሳል። የሥዕላችን ምልክት የሆነው ፀጉር 151 ዓመት በስደት ቆይቶ ገባ ማለት ነው።

፭. ከዓድዋ በኋላ

ዐፄ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ ያሠሩት ብር በላዩ ላይ ዘውድ የደፋ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ በጎን ይዞ ወጣ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በጎን መሣል ለከሓዲ የተተወ ቢሆንም፣ በሳንቲም ላይ ግን ሕዝቡ በማርያ ቴሬዛ ብር ለምዶታል፤ ከአክሱምም የወረደ መሠረት አለው። አንድ ዓይነት አሣሣል በአንድ ስፍራ ውርደት፣ በሌላ ስፍራ ክብር ሊሆን እንደሚችል ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከ1896 ድል በኋላ የተስፋፋውን የዓድዋ ሥዕል የተመለከተ ሰው ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። የኢትዮጵያ ሠራዊት ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኖቹ ያያል፤ ጠላት በአብዛኛው በጎን ይታያል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ይረዳል። በመኳንንቱ አጠገብ ስማቸው ተጽፏል። አለቃ በላቸው ይመርን የመሰሉ ሠዓልያን ያቆዩልን ይህን ነው። እነዚህ ሥዕሎች ማን ከማን ጎን ቆሞ እንደ ተዋጋ የሚመሰክሩ መዝገቦች ናቸው።

ከሕይወት ቀድቶ የመሣል ትምህርት በተደራጀ መልክ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ተምረው ሲመለሱ የአውሮፓን የመልክ አሣሣል ይዘው መጡ። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ትምህርታቸውን ፈጽመው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ፤ ትምህርት ቤቱ በ1958 ተመረቀ። ከዚያ በኋላ የአገራችን ወጣት ተቀምጦ የሚያሥል ሰው ፊት ለፊት አድርጎ፣ ከሰልና ወረቀት ይዞ፣ ምጣኔ መለካትን በገዛ ቋንቋው ተማረ። አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ወገን የተወለዱ መሆናቸው ደግሞ ሊዘነጋ አይገባም። አዲሱ ትምህርት የገባው አሮጌውን በሚያውቁ ሰው እጅ ነው። እኛ የሁለቱን መንገድ አንዱን «ኋላ ቀር» ሌላውን «ዘመናዊ» እያልን የተከራከርነውን ያህል፣ ሠዓሊዎቹ ራሳቸው አልተከራከሩበትም ይሆናል።

፮. የእናቴ መልክ

በትምህርቱ ሁለተኛ ዓመት ላይ የእናቴ ሥዕል በሸራና በዘይት ቀለም ተጠናቀቀ። ምጣኔውን ከፎቶግራፉ ደጋግሜ ለክቻለሁ፤ በመስታወት አይቼዋለሁ፤ ዘቅዝቄዋለሁ። መምህርቷም ከፎቶግራፉ ጋር አስተያይታ ምንም ስሕተት እንዳላገኘችበት ነገረችኝ። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ልቤ አልቀበለውም ነበር።

በዚያ ሰሞን በደሴ ጎረቤታችን የነበሩና አሁን ከልጃቸው ጋር እዚህ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ሊጠይቁኝ መጡ። ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ አወረድኩና በጉልበታቸው ላይ አስደገፍኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ተመለከቱ።

«እማማ፣ እንዴት አዩዋት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይቺ እሷ አይደለችም» አሉኝ። «ፊቷስ ፊቷ ነው። ግን እናትህ እንዲህ ቀጥ ብላ ሰው አይታ አታውቅም። የግራ ጆሮዋ አይሰማም ነበር እኮ፤ ሰው ሲያናግራት እንዲህ ታደርግ ነበር» ብለው ራሳቸውን ወደ ግራ ትከሻቸው ዘንበል አድርገው ቀኝ ጆሯቸውን ሰጡኝ።

ያን ጊዜ ያየሁት የእናቴን መልክ ነበር፤ በሌላ ሴት አንገት ላይ። ጆሮዋ እንደማይሰማ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አላሰብኩትም። የመታወቂያው ፎቶግራፍ አንሺ እንደ ሥርዓቱ ቀና በይ፣ ፊት ለፊት እዪ ብሏት ይሆናል፤ እኔም የእርሱን ትእዛዝ ነው በትጋት ለክቼ የሣልኩት። ምጣኔው ትክክል ነበር። የጎደለው ከእርሷ ጋር የኖረ ሰው ምስክርነት ነበር።

ሥዕሉን እንደገና ጀመርኩት። ፎቶግራፉን በምጣኔ፣ አዛውንቷን በአንገት አያያዝ መሪ አደረግኩ። ሲያልቅ ወደ ቤታቸው ይዤው ሄድኩ። ምንም አላሉም፤ የሥዕሉን ጠርዝ ሳም አደረጉና «ቡና ይፈላ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ግርጌው ላይ፣ እንደ ጥንቱ ሠዓልያን፣ የእናቴን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ስም፣ የተወለደችበትንም አገር በጉልህ ፊደል የጻፍኩት። ልጆቼ አያታቸውን አላዩአትም። የእነርሱም ልጆች አማርኛ ማንበብ ይችሉ አይችሉ አላውቅም፤ ቢያንስ የሚጠይቁት ነገር ተጽፎላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለአንባብያን የማቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። በየቤታችን አልበም፣ ዛሬም በየስልካችን ውስጥ፣ የብዙ ሰው ፊት አለ። ከእነዚህ መካከል ስሙ፣ አገሩና ዓመቱ የተጻፈለት ስንቱ ነው? ፊቶቹን ለይተው የሚጠሩልን አረጋውያን በየከተማው በየልጆቻቸው ቤት ተቀምጠዋል፤ በየዓመቱም ቁጥራቸው ይቀንሳል። እነርሱ ሲያልፉ ፎቶግራፉ ሁሉ «የሐበሻ ሴት»፣ «የሐበሻ ወታደር» ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚወቀስ የውጭ አገር መንገደኛ አይኖርም። ስለዚህ ለሥዕል ዝንባሌ ያለው እርሳስ ያንሣ፤ በሃምሳ ዓመትም ይጀመራል። ዝንባሌ የሌለው ደግሞ አልበሙን ይዞ ወደ አንድ አዛውንት ቤት ይሂድ፤ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ እያሳየ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሚሰጠውንም መልስ በጀርባው ይጻፈው።